ስለ ኤሌክትሪክ ሮኬት ግላይደር የሚወራውና እውነታው

ሮኬት የሚመስል፣ ግን ክንፍ ያለው ሞዴል አውሮፕላን አለ። በሞተር ጉልበት ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋና በክንፉ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ በሪሞት ይመራዋል። ሮኬት ግላይደር ይባላል። ድሮ የሚገፋው ባሩድ ነበር፤ አሁን ብዙ ሰው በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራዋል። በጣም የምወደው ሥራ ነው። ስለሱ የሚወራው ወሬ ግን ብዙ ጀማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን ተስፋ እንዲቆርጥ ያደርጋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ባሩድ ከሌለው ምኑን ሮኬት ሆነ?»

የሮኬት ግላይደር ታሪክ የሚጀምረው ሰው ተሳፍሮበት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1928 ጀርመን ውስጥ ቫሰርኩፔ በተባለ ተራራ ላይ ፍሪትዝ ሽታመር የተባለ አብራሪ የባሩድ ሮኬት በተገጠመላት ተንሸራታች አውሮፕላን (ግላይደር) 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። ንድፏ የአሌክሳንደር ሊፒሽ ነበር። የሊፒሽ ሥራ ቀጥሎ ሜሰርሽሚት 163 ኮሜት የተባለውን ባለ ሮኬት ሞተር የጦር አውሮፕላን አስገኘ። የኮሜት ነዳጅ ለ8 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር የሚበቃው። ሲነሳ ጎማዎቹን ጥሎ ይሄዳል። ሲመለስ ሞተር የለውም፤ ሆዱ ሥር ባለች መንሸራተቻ ሣር ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ሮኬት ግላይደር የሚያሰኘው ይህ ነው፤ አጭር ኃይለኛ ግፊት፣ ከዚያ ያለ ሞተር መንሳፈፍ። ይህን የኤሌክትሪክ ሞተርም ይሠራዋል። እንዲያውም ሁለት ነገር ላይ ይበልጣል። ባሩድ አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሜዳው ሊያጥራችሁ ሲል መልሳችሁ ታስነሱታላችሁ። ሁለተኛ፣ ባሩድ ሲቃጠል ክብደቱ ይቀንሳል፤ አብሮም የአውሮፕላኑ ሚዛን ይዛባል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ የባሩድ ሞዴሎች ከፍታ ላይ ሲደርሱ ሞተራቸውን ነቅለው እንዲጥሉ ተደርገው ይሠራሉ። ባትሪ ግን ሲነሳም ሲያርፍም ክብደቱ ያው ነው።

«ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ድንጋይ ይወርዳል»

አይወርድም። ክንፍ አየር ላይ የሚቆመው በፍጥነት ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ፍጥነቱን ከከፍታው ይወስዳል። ስንት ሜትር ወርዶ ስንት ሜትር ወደፊት እንደሚሄድ በቁጥር እንየው። ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ አጭር የፎም ሞዴል 1 ሜትር ሲወርድ 6 ሜትር ወደፊት ይሄዳል እንበል። ከ100 ሜትር ከፍታ 600 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። በሴኮንድ 12 ሜትር እየበረረ ከሆነ መሬት ለመድረስ 50 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ክንፉ ረዥምና ቀጭን የሆነ ግላይደር በአንጻሩ 1 ሜትር ወርዶ 16 ሜትር ቢሄድ፣ በሴኮንድ 8 ሜትር ፍጥነት ከዚያው ከፍታ 200 ሴኮንድ አየር ላይ ይቆያል። ይህ እንግዲህ አየሩ ዝም ባለበት ሰዓት ነው። ፀሐይ መሬቱን አሙቃው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ ጭራሽ ከፍታ ይጨምራል።

የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ሹትልም ሲመለስ ያለ ሞተር ነበር የሚያርፈው። ለማረፍ ሲቃረብ 1 ሜትር ወርዶ ወደፊት የሚሄደው 4.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በፎም የምንሠራው ሞዴል ከሱ ይሻላል።

«ሞተሩ በጠነከረ ቁጥር ይሻላል»

ቀጥ ብሎ ለመውጣት ግፊቱ ከክብደቱ መብለጥ አለበት፤ ይህ እውነት ነው። 500 ግራም የሚመዝን ሞዴል 750 ግራም ግፊት ካለው በደንብ ይወጣል። ከዚያ በላይ የምትጨምሩት ሞተር ከባድ ባትሪ ይጠይቃል። ሮኬት ቅርጽ ላይ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚቀመጥም ጅራቱን ይጎትታል። ያንን ለማካካስ አፍንጫው ላይ የእርሳስ ብረት ክብደት ትጨምራላችሁ። መጨረሻ ላይ መውጣቱ ያምራል፣ መንሳፈፉ ግን የለም።

ሞተሩ ከኋላ ሲሆን አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። መጀመሪያ ወርውሩ፣ ሞተሩን የምትከፍቱት ሞዴሉ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ነው። ፕሮፔለሩ የሚያልፈው በእጃችሁ አጠገብ ነው። የሚወረውር ሌላ ሰው ካለ ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን) የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም ድምፁን አሰምቶ ይቁጠር።

«የስበት ማዕከሉ በግምት ይበቃል»

በፍጹም አይበቃም! የስበት ማዕከል ማለት ሞዴሉ በጣት ሲነሳ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ ነው። ከሁሉም በላይ ብዙ ሞዴል የሚሰብረው ይህ ነው። አፍንጫው ትንሽ የከበደ ሞዴል ለመታጠፍ ያስቸግራል፣ ግን ይመለሳል። ጅራቱ የከበደ ግን ከእጅ እንደወጣ ቀና ይልና ይገለበጣል፤ የሪሞቱን መሪ ዘንግ (ስቲኩን) ብትገፉትም አይሰማም።

ስህተቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመለኪያው ነው። «ከክንፉ ስፋት 25 በመቶ ላይ» የሚል ነገር ሰው ያነባል፤ ስፋት የሚባለው ከክንፉ ፊት እስከ ኋላው ያለው ነው። ከዚያ ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ለክቶ ሩቡን ይወስዳል። ቀጥ ላለ ክንፍና ጅራት ላለው አውሮፕላን ይህ ያስኬዳል። ለሦስት ማዕዘን ክንፍ ግን ያሳስታል፤ ልኬቱ ከአማካይ ስፋቱ ላይ ነው መወሰድ ያለበት። አንድ ላይ እንሥራው። ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጫፉ ሹል ነው፣ ጅራት የለውም እንበል። አማካይ ስፋቱ የ60 ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ አማካይ የሚጀምረው ከክንፉ ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው። ጅራት ለሌለው ሞዴል የስበት ማዕከሉ ከአማካዩ 15 እስከ 20 በመቶ ላይ ይሁን፤ የ40 ሲሆን 6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 20ው ላይ ሲደመር ከክንፉ ፊት 26 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር። ከ60 ላይ ሩቡን የወሰደው ሰው ደግሞ 15 ላይ ነው ምልክት ያደረገው! ሞዴሉ በአፍንጫው መሬት ቢሰካ ምን ይገርማል?

ልኬቱን ካወጣችሁ በኋላ ከክንፉ ሥር ግራና ቀኝ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ባትሪው ቦታው ይግባ፣ ክዳኑም ይዘጋ። በሁለት ጣት ጫፍ ምልክቱ ላይ አንሱት። አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ካለ ልክ ነው። ጅራቱ ከወረደ ባትሪውን ወደፊት ግፉ፤ የእርሳስ ብረቱ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሞተሩ ይደክማል»

ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ በደንብ መለየት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር ኦክስጅን ስለሚያንሰው በርግጥ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ኦክስጅን አይፈልግም። የሚቸገረው ፕሮፔለሩ ነው። በዚያው ዙር ብዛት ሲሽከረከር የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ግፊቱም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። መፍትሔው ግማሽ ኢንች ወይም አንድ ኢንች የሚበልጥ ፕሮፔለር ነው። ከቀየራችሁ በኋላ የሚስበውን አምፔር በዋት ሜትር ለኩ፤ ስስ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ክንፉን ነው። በዚህ ከፍታ ያው ሞዴል አየር ላይ ለመቆም 12 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጠንከር አድርጋችሁ ወርውሩት፣ ለማረፊያም ረዘም ያለ ሜዳ ምረጡ። ባሕር ዳርቻ ላይ በተቀረጸ ቪዲዮ የታየ ሞዴል አዲስ አበባ ላይ ቢያስቸግር ሠሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

«ፕሮፔለሩ በንፋስ መዞሩ ችግር የለውም»

አለው። በንፋስ እየዞረ ያለ ፕሮፔለር ከቆመው ይበልጥ አየር ይይዛል። የሚታጠፍ ፕሮፔለር ግጠሙ፣ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይም ፍሬኑን አብሩት። ፍሬን ከሌለ መዞሩን ስለማያቆም ፕሮፔለሩ አይታጠፍም።

«ባትሪ ሞልቶ ቢቀመጥ ይሻላል»

እነዚህ ሞዴሎች ላይ ለሚገባው ለሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ አይሻልም። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ሲቀመጥ 3.8 አካባቢ ይሁን። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበርም። ቻርጅ ላይ ትታችሁትም ከቤት አትውጡ።

«ድሮን ያበረረ ሰው ይህንንም ያበርራል»

ድሮን ስቲኩን ስትለቁት አየር ላይ ይቆማል። ግላይደር መቆም አያውቅም፤ ሁልጊዜ ወደፊት እየሄደ ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ ደግሞ ቀኝና ግራው ይገለበጥባችኋል። እዚህ ላይ የሚረዳ ዘዴ አለ። የወረደው ክንፍ በየት በኩል ነው? ስቲኩን ወደዚያው አቅጣጫ ግፉት፣ ክንፉ ቀና ይላል። ይህን ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር እጃችሁ እስኪለምደው ተለማመዱ።

በሕግ በኩል ግን ከድሮን ጋር አንድ ላይ የሚታይባቸው አገሮች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል ኤፍኤኤ (የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ዘንድ ይመዘገባል፤ ለመዝናኛ የሚያበርር ሰውም ነፃ የሆነውን የደኅንነት ፈተና ይወስዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከውጭ ዕቃ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ «የልጅ መጫወቻ ነው» ብላችሁ ጉምሩክ ላይ አትድረሱ። መጀመሪያ ጠይቁ፣ ፈቃዱን ያዙ፣ ከዚያ ሻንጣው ውስጥ ይግባ።