የሴል አስኳል ምንድን ነው? «አንጎል» ነው የሚለውን እንተወው

«ኒውክለስ የሴሉ አንጎል ነው። እሱ ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል። ካወጣህበት ሴሉ ወዲያው ይሞታል።» ይህን አባባል በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ቦታ አየሁት። አንድ አስተያየት ሰጪማ በትክክል የጻፈውን ሰው በዚሁ ሲያርመው ነበር። የእኔ ውሎ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው፣ ከደም ስላይድ ጋር። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ኒውክለስ፣ በአማርኛ አስኳል የምንለው፣ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት፣ በድርብ ሽፋን የታጠረ የሴሉ ክፍል ነው። ስሙን ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ብራውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831 ኦርኪድ ሲመረምር። ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ አልቆይበትም።

«ወዲያው ይሞታል» ከሚለው ልጀምር። ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም። መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ነበረው፤ ወደ ደም ሊወጣ ሲል ግን አውጥቶ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ 120 ቀን ያህል ይኖራል። አራት ወር ሙሉ ኦክስጅን ተሸክሞ ከሳንባ እስከ እግር ጣት ይመላለሳል፣ ከእሱ በሚጠቡ ሥሮች ተጣጥፎ ያልፋል፣ ከስኳር ኃይል ያገኛል። አንጎሉ የወጣ በግ አራት ወር ሲግጥ ያየ ሰው የለም። እርግጥ ይህ ሴል አይባዛም፣ አዲስ ፕሮቲንም አይሠራም፤ ያረጀበትን ዕቃ መተካት ስለማይችል በያዘው ስንቅ እስኪያልቅ ነው የሚኖረው። የጎደለበት አለቃ አይደለም፤ የዕቃው አሠራር የተጻፈበት መዝገብ ነው።

ወባ ስንመረምር ነገሩ በዓይን ይታያል። ስላይዱን በጊምሳ ስታቀልሙት የኒውክለስ ነገር ወደ ቀይ ሐምራዊ ይሄዳል። ቀይ ሴሎቹ ሐመር ሮዝ ሆነው ይተኛሉ፣ ውስጣቸው ንጹሕ ነው። ከዚያ አንዱ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት ታያላችሁ፣ ቀለበቱ ላይ ደግሞ እንደ ፈርጥ አንዲት ቀይ ነጥብ። አዲስ ተማሪ «ይኸው፣ ኒውክለስ አለው» ይለኛል። አዎ፣ ኒውክለስ ነው፤ ግን የሴሉ አይደለም፣ የወባው ተህዋስ ነው። እንግዳው የራሱን መዝገብ ይዞ ነው የገባው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ይህ ሁሉ የአጥቢ እንስሳት ነገር ነው። የዶሮ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ አለው። የግመል ሞላላ ስለሆነ ያሳስታል እንጂ የለውም። የአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ኒውክለስ ያለው ቀይ ሴል ካየን ደግሞ ውጤቱ ላይ እንጽፈዋለን፤ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

እንግዲህ መዝገብ አልኩ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አስቡ። ዋናው ፋይል ከክፍሉ አይወጣም። ፈላጊው ማመልከቻ ይዞ ይመጣል፣ ኮፒ ተደርጎ ይሰጠዋል። ዲኤንኤ ዋናው ፋይል ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ተዘርግቶ ቢለካ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ በማይሞላ ክፍል ውስጥ የገባው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ፈትል ተጠምጥሞ ነው። ኮፒው ኤምአርኤንኤ ይባላል። እሱም ቢሆን እንደተቀዳ አይሰጥም። የማያስፈልጉት ገጾች ተቆርጠው ይጣላሉ፣ የቀሩት ይገጣጠማሉ፣ ራሱና ጭራው ላይ እንደ ማኅተም ያለ ነገር ይደረግበታል። ከዚያ ወደ በሩ ይሄዳል። ሽፋኑ ላይ በሮቹ ብዙ ናቸው፤ ትንንሹ ነገር ሳይጠየቅ ያልፋል፣ ትልልቁ መታወቂያ ማሳየት አለበት። ፕሮቲኑ የሚሠራው ውጭ ነው፣ ራይቦሶም ላይ።

ማመልከቻውስ ከየት ይመጣል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ኮርቲሶልን ውሰዱ። ሆርሞኑ ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ማለትም ከኒውክለሱ ውጭ ባለው የሴሉ ክፍል፣ የሚጠብቀውን ተቀባይ ፕሮቲን ያገኛል፣ ሁለቱ ተያይዘው ኒውክለስ ይገቡና የትኛው ፋይል ተከፍቶ የትኛው ይዘጋ የሚለው ይለወጣል። መዝገብ ቤቱ በራሱ ተነሥቶ የወሰነው ነገር የለም። ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ ሴሉ ሲከፈል የዚህ መዝገብ ቤት ግድግዳ ፈርሶ፣ ፋይሉ በሁለት ቅጂ ተከፋፍሎ፣ ግድግዳው እንደገና ይሠራል። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አላውቅም።

አስተያየት ሰጪው ወንድሜ ይህን ሙከራ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። እንግሊዛዊው ጆን ገርደን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ሥራ ከእንቁራሪት ጫጩት አንጀት ሴል ኒውክለስ ወስዶ የራሱ ኒውክለስ በጨረር በተበላሸ እንቁላል ውስጥ አስገባ። ኒውክለስ አዛዥ ቢሆን እንቁላሉ አንጀት መሆን ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። እንቁላሉ የአንጀቱን ኒውክለስ እንደ አዲስ አስጀመረው፤ ሁሉም ባይሳካም ከአንዳንዶቹ የሚዋኙ ጫጩቶች ወጡ። ያው መዝገብ ነው፣ አንባቢው ሲለወጥ ሌላ ገጽ ተከፈተ። ገርደን እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቤል የተሸለመበት ይህ ነው።

ወንድሜ ልክ የሆነበትም አለ። ከአዋቂ በግ ሴል የተቀዳችው በግ ዶሊ እ.ኤ.አ. በ1996 ስትወለድ ኒውክለሷ የመጣው ፊን ዶርሴት ከሚባል ዝርያ ከሆነች ነጭ ፊት በግ ጡት ሴል ነው፣ እንቁላሉ ከጥቁር ፊት በግ። ዶሊ ነጭ ፊት ሆና ወጣች። ምን ዓይነት በግ እንደምትሆን የተጻፈው ኒውክለሱ ውስጥ ነው። ሆኖም «ሁሉም እዚያ ነው» እንዳትሉ፣ የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፣ በሰው 37 ጂኖች ያሉት፤ የዶሊ ማይቶኮንድሪያ የመጣው ከእንቁላሉ ባለቤት ነው።

የመጨረሻው ነገር ራሱ ቃሉ ነው። ኒውክለስን በአማርኛ አስኳል እንላለን፣ የእንቁላሉንም ቢጫ አስኳል እንላለን፤ ከዚህ ተነሥቶ ቢጫው የእንቁላሉ ኒውክለስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ቢጫው በሙሉ ስንቅ ነው። ነገ እንቁላል ሰብራችሁ ሳህን ላይ ስታደርጉ ቢጫው ላይ ነጣ ያለች፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ ነጥብ ፈልጉ፤ ወደ ታች ዞራ ከሆነ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። የኒውክለሱ ቦታ እሷ ናት። ዶሮዋ ከአውራ ጋር የዋለች ከሆነ ደግሞ እንቁላሉ ሲጣል ያቺ ነጥብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች ሆናለች፣ እያንዳንዱም የራሱን ኒውክለስ ይዟል።