ዉድዋርድ ጎዳና፦ የመኪና ሽርሽርና የሮክ ኤንድ ሮል ዘመን ትዝታ በዲትሮይት

ዉድዋርድ ጎዳና ከዲትሮይት ወንዝ አጠገብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ እስከ ፖንቲያክ ከተማ የሚዘልቅ፣ ወደ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የሚሺጋን አውራ ጎዳና ነው። ስያሜው ዲትሮይት በ1805 በእሳት ከወደመች በኋላ አዲሱን የከተማ ፕላን ካወጡት ዳኛ ከኦገስተስ ዉድዋርድ የመጣ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአካባቢው ወጣቶች ማታ ማታ መኪና ይዘው እየወጡ፣ ራዲዮ ከፍተው፣ በዚህ ጎዳና ላይ ሲመላለሱ ያመሹ ነበር። እንዲህ ያለው ሽርሽር በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ነበር፤ የሎስ አንጀለስ የቫን ናይስና የዊቲየር ጎዳናዎች በዚሁ ይታወቃሉ። የዉድዋርድ ልዩነቱ ወጣቶቹ የሚነዱት መኪና የሚሠራውም፣ በራዲዮ ከሚሰሟቸው ዘፋኞች አንዳንዶቹ የተወለዱትም እዚያው ጎዳናው ዳር መሆኑ ነው።

የመንገዱ ታሪክ ከመኪና ታሪክ አይነጠልም። በ1909 በሲክስ ማይልና በሰቨን ማይል መንገዶች መካከል ያለው የዉድዋርድ ክፍል ኮንክሪት ተነጠፈበት፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው አንድ ማይል የኮንክሪት አውራ ጎዳና እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በ1920 ደግሞ ዊልያም ፖትስ የተባለ የዲትሮይት ፖሊስ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሚያበራ፣ ለአራቱም አቅጣጫ የሚያገለግል የትራፊክ መብራት ዉድዋርድ ከሚሺጋን ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተከለ። ከሁሉም የሚልቀው ግን ጎዳናው በሚያቋርጣት በትንሿ ሃይላንድ ፓርክ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ የነበረው የፎርድ ፋብሪካ በ1913 ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሥራ ላይ ሲያውል፣ ሞዴል ቲ የተባለውን አንድ መኪና ለመገጣጠም ይፈጅ የነበረው ከ12 ሰዓት በላይ ጊዜ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ፎርድ የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ማድረሱ ሲሰማ ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ከደቡብ የመጡት ጥቁሮች ብሉዝንና የቤተ ክርስቲያን መዝሙርን፣ ነጮቹ ደግሞ የገጠር ዘፈናቸውን ይዘው መጡ። ሮክ ኤንድ ሮል ከእነዚህ ሁሉ የተቀዳ ሙዚቃ በመሆኑ፣ ፋብሪካው ሳያስበው የሙዚቃውን አድማጮችና ተጫዋቾች አንድ ሰፈር ላይ ሰብስቧል ማለት ይቻላል።

ቢል ሄሊ በ1925 የተወለደው በዚሁ በሃይላንድ ፓርክ ነው። ቤተሰቡ ገና ልጅ ሳለ ወደ ፔንሲልቬኒያ ይዞት ሄደ፤ በ1954 ያስቀረጸው «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፣ አዲሱ ሙዚቃ የወጣቱ ሁሉ መሆኑ ተረጋገጠ። ጃኪ ዊልሰንም በ1934 የተወለደው በዚያችው ትንሽ ከተማ ነው። በ1957 ለብቻው ሲወጣ መጀመሪያ ያስተዋወቀውን ዘፈን ከጻፉለት ሰዎች አንዱ ቤሪ ጎርዲ ነበር። ጎርዲ ቀደም ሲል በሊንከን ሜርኩሪ ፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ሠርቷል። በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ያቋቋመው ድርጅት፣ ከዉድዋርድ ጋር በሚገናኘው በዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ አንድ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ሞታውን የሚባለውን ሙዚቃ ማምረት ጀመረ። የሞታውን ባለሙያዎች አንድ ዘፈን ከመውጣቱ በፊት የመኪና ራዲዮ በሚመስል ትንሽ ድምፅ ማጉያ እያጫወቱ ይፈትኑት ነበር። አድማጫቸው የት ተቀምጦ እንደሚሰማ ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና።

ይህ ሙዚቃ አዲስ አበባም ደርሷል። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን አዘፋፈንና የመድረክ ሁኔታ ከመውደዱ የተነሳ የኢትዮጵያው ኤልቪስ የሚል ቅጽል አትርፏል።

ሽርሽሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በሚሺጋን መንጃ ፈቃድ በ16 ዓመት ይገኝ ስለነበር፣ አርብና ቅዳሜ ማታ የአባቱን መኪና ለምኖ ያገኘውም፣ ለፍቶ ያገለገለ መኪና የገዛውም ወደ ዉድዋርድ ያቀናል። አንድ ጋሎን ቤንዚን 30 ሳንቲም ገደማ ስለነበር ሦስት አራት ጓደኛሞች ካዋጡ ለምሽቱ ይበቃቸዋል። ከዲትሮይት ከተማ ወሰን በስተሰሜን ጎዳናው መሐሉ በሣር ደሴት የተከፈለ ሰፊ መንገድ ነው፤ በአንዱ በኩል ወጥቶ፣ መዞሪያው ላይ ተጠምዝዞ፣ በሌላው በኩል መውረድ እጅግ ቀላል ነው። በደቡብ በኩል ሮያል ኦክ የነበረው ቶተም ፖል፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ስኩዌር ሌክ መንገድ ላይ የነበረው ቴድስ ዋናዎቹ ማረፊያዎች ነበሩ። ሁለቱም ከመኪና ሳይወርዱ የሚበላባቸው ምግብ ቤቶች ናቸው። አስተናጋጇ ትእዛዝ ተቀብላ ትሄድና ሃምበርገሩን፣ የድንች ጥብሱንና ኮካ ኮላውን በትሪ አድርጋ ትመለሳለች፤ ትሪውም ዝቅ በተደረገው የመኪና መስታወት ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከመስኮት ወደ መስኮት ነው፤ የማን መኪና ምን ሞተር እንደተገጠመለት፣ ማን ከማን ጋር እንደታየ፣ የትኛዋ ልጅ በማን መኪና እንደመጣች። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ወላጅም አስተማሪም በሌለበት፣ በር ዘግቶ ከእኩዮቹ ጋር የሚሆንበት የራሱ ክፍል ማግኘት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማሰብ አይከብድም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወሩ ቢውሉም፣ የናፍቆታቸው እምብርት ያ ነፃነት ይመስለኛል።

ሁሉም ግን በቀስታ አይነዳም ነበር። ሁለት መኪኖች ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሾፌሮቹ ይተያዩና ነዳጅ መስጫውን ጫን ለቀቅ ያደርጋሉ፤ አረንጓዴው ሲበራ ውድድሩ ይጀመራል። ሕገ ወጥም አደገኛም ነበር። በዚያ ላይ የመኪና ኩባንያዎቹ መሐንዲሶች ራሳቸው ገና ለገበያ ያልቀረቡ መኪኖችን ሌሊት እያመጡ ከወጣቶቹ ጋር ይለኩ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1963 ቅርንጫፎቹ ከእሽቅድምድም እንዲወጡ ሲያዝ፣ በጆን ዴሎሪያን የሚመሩት፣ ፖንቲያክ የተባለው ቅርንጫፉ መሐንዲሶች ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መጠን ያለው መኪና ላይ የትልቁን መኪና 6.4 ሊትር ሞተር አስገቡና በ1964 ጂቲኦን አወጡ። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ይህ መኪና ለእሽቅድምድም ሜዳ ሳይሆን ከአንዱ የትራፊክ መብራት እስከ ሌላው ላለው መንገድ የተሠራ ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ ዉድዋርድ በሚያበቃበት በፖንቲያክ ከተማ ይገኝ ነበር።

ምሽቱን አንድ የሚያደርገው ራዲዮ ነው። ከ1963 ጀምሮ ደብሊዩ ኬ ኤን አር የተባለው ጣቢያ፣ ከ1967 ወዲህ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ከካናዳዋ ዊንዘር በ50,000 ዋት የሚያስተላልፈው ሲ ኬ ኤል ደብሊዩ የጎዳናው ድምፅ ሆኑ። ብዙው መኪና አንድ ጣቢያ ላይ ስለሚሆን ዘፈኑ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይሄዳል። ጥቁርና ነጭ ዘፋኞችም በዚያ አየር ላይ ተከታትለው ይደመጡ ነበር።

መሬት ላይ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ትዝታው አብዝቶ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ሽርሽሩ የደመቀው የዲትሮይት ሰሜናዊ ወሰን ከሆነው ከኤይት ማይል መንገድ ማዶ፣ ነዋሪዎቻቸው ከሞላ ጎደል ነጮች በሆኑባቸው ከተሞች ነበር። ጥቁሮች በዚያ ቤት እንዳይገዙ የሽያጭ ውሎች፣ ባንኮችና የመንግሥት የብድር ዋስትና ደንቦች ተባብረው ከልክለዋቸዋል። በ1941 አንድ የቤት አልሚ ለነጮች ለሚሠራው ሰፈር የብድር ዋስትና ለማግኘት ሲል፣ ከኤይት ማይል አጠገብ ከጥቁሮች ሰፈር የሚለየውን 1.8 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ አቁሟል፤ ግንቡ ዛሬም አለ። ስለዚህ የጃኪ ዊልሰንን ዘፈን ከፍቶ በዉድዋርድ መንሸራሸር የሚችለው ልጅና የዊልሰን ጎረቤት የሆነው ልጅ አንድ ሙዚቃ እየሰሙ አንድ ጎዳና አልነበራቸውም። በሐምሌ 1967 በዲትሮይት በተነሳው ሁከት 43 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነጮች ከከተማዋ መውጣታቸው ተፋጠነ።

የሽርሽሩ ዘመን ያበቃው ቀስ በቀስ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወጣቶች ለሚነዷቸው ጉልበተኛ መኪኖች የሚጠይቁት ክፍያ ናረ፤ የጭስ ቁጥጥር ሕግ ሲመጣ ከ1971 ጀምሮ የሞተሮቹ ጉልበት ቀነሰ። በ1973 መጨረሻ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ወደ አሜሪካ የሚልኩትን ዘይት ሲያቆሙ በየማደያው ሰልፍ ሆነ። ለመዝናናት ቤንዚን ማቃጠልም ትርጉም አጣ።

በ1995 አንድ የፈርንዴል ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ማሰባሰቢያ እንዲሆን የጥንት መኪኖችን ወደ ዉድዋርድ ለመመለስ አሰበ። በነሐሴ ወር በተካሄደው ዝግጅት ወደ 250,000 የሚገመት ሰው ወጣ። ዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ የተባለው ይህ በዓል በ2020 በኮሮና ምክንያት ከመሰረዙ በቀር በየዓመቱ በኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ ይከበራል፤ አዘጋጆቹ 40,000 ያህል መኪኖችና አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ይገኛል ይላሉ። የ1957 ሸቭሮሌዎች፣ ጂቲኦዎችና ሙስታንጎች ኮፈናቸው ተከፍቶ ይደረደራሉ፤ ተመልካቹም ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ ቦታ ይይዛል።

የበዓሉ ዋና መስመር ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ ነው። የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ቀሪ ሕንፃዎችና ዛሬ ሙዚየም የሆነው የሞታውን ቤት ሁለቱም ከዚህ መስመር በስተደቡብ ናቸው። ለበዓሉ ወደ ዲትሮይት የሚሄድ ሰው ኤይት ማይልን ተሻግሮ እነሱንም ቢያይ ጥሩ ነው፤ ከፈርንዴል እስከ ሃይላንድ ፓርክ ያለው መንገድ በመኪና ብዙም አይፈጅም።