የስዊስ ሥርዓት ምንድን ነው? ተሸናፊ ልጅ የማይሰናበትበት ውድድር

የመጀመሪያውን የልጆች የካርድ ውድድር ያዘጋጀሁ ቀን ስሕተቴን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ፣ ጅማ ውስጥ በተዋስነው አንድ አዳራሽ፣ 16 ልጆች የፖኬሞን ካርዳቸውን (ሁለት ልጆች የየራሳቸውን የካርድ ስብስብ ይዘው የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው) ይዘው ተቀመጡ። ኳስ እያየሁ ያደግሁ ነኝና የማውቀው መንገድ ጥሎ ማለፍ ብቻ ነበር። 8፡30 ሲል ስምንቱ ልጆች ተሰናበቱ። ወላጆች እንዲመጡ የተነገራቸው ግን 10፡30 ነው፣ ውጭው ደግሞ የጅማ ዝናብ ነው፤ ወዴት ይሂዱ? ገሚሶቹ ወንበር እየገፉ መሯሯጥ ጀመሩ፣ ሁለቱ በኦሮምኛ የጀመሩትን ጠብ በአማርኛ ጨረሱት፣ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካርዶቿን በፌስታል ጠቅልላ በር ላይ ቆማ ጎርፉን ታያለች። ሳምንቱን ሙሉ ስትዘጋጅበት የከረመችው ውድድር ለእሷ 20 ደቂቃ ነበር። ያሸነፋት ደግሞ ኋላ አንደኛ የወጣው ልጅ ነው። ዕጣው ጣላት እንጂ እሷ ምን አጠፋች?

ቼዝ ለሚጫወት ወዳጄ ነገሩን ሳወራው «አንተ ሰውዬ፣ ስዊስ የሚባል ነገር አልሰማህም?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር።

የስዊስ ሥርዓት ማለት ማንም ተሸንፎ የማይወጣበት፣ በየዙሩ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች በነጥብ ከሚመስለው ጋር የሚገናኝበት የውድድር አካሄድ ነው። ደንቡ ሁለት ነው፦ ነጥባችሁ እኩል ከሆነ ሰው ጋር ትጫወታላችሁ፤ አንዴ ከገጠማችሁት ሰው ጋር ግን ደግማችሁ አትገናኙም። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመዘዛል። ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር እየገጠመ ስለሚሄድ ጠንካሮቹ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ጀማሪዎቹም ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አቻቸውን ማግኘት ይጀምራሉ።

ስሙ ከስዊዘርላንድ ነው። ዩሊየስ ሙለር የተባለ ሰው ያወጣው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ በተካሄደ የቼዝ ውድድር መጀመሪያ ተሠራበት። የቼዝ ኦሎምፒያድም ከ1976 ወዲህ በዚሁ ነው የሚሄደው። የካርድ ጨዋታዎች ይህን ከቼዝ ነው የወረሱት።

የኳስ ወዳጆች ቃሉን ሰምታችሁት ይሆናል። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ከ2024/25 ጀምሮ ምድብን ትቶ 36 ክለቦችን በአንድ ሰንጠረዥ ሲያሰልፍ «የስዊስ ሞዴል» ተብሎ ነበር። እኔ ስዊስ አልለውም። እዚያ የእያንዳንዱ ክለብ ስምንት ተጋጣሚዎች አስቀድመው በዕጣ ይታወቃሉ፤ በእውነተኛው ስዊስ የሁለተኛውን ዙር ተጋጣሚ የሚወስነው የአንደኛው ዙር ውጤት ነው። ይህን ያነሳሁት ለልጆቹ «እንደ ሻምፒዮንስ ሊግ ነው» ብዬ ሳስረዳቸው የዙሮቹን ሁሉ ድልድል አሁኑኑ ንገረን ስላሉኝ ነው።

በምሳሌ ይቅለል። ስምንት ልጆች መጡ እንበል። እኛ ጋ ልጆቹ ሲመዘገቡ የእንስሳ ስም ይመርጣሉ (የቦዬ ሐይቅ ጉማሬ ያላቸው የጅማ ልጆች ናቸውና «ጉማሬ» በየሳምንቱ የሚያጣላ ስም ነው)። ማሸነፍ 3 ነጥብ፣ አቻ 1፣ ሽንፈት 0።

አንደኛው ዙር በዕጣ ነው። ጉሬዛ ጃርትን፣ ሚዳቋ ኤሊን፣ ጉማሬ ቀበሮን፣ ንስር ጥንቸልን አሸነፉ። በጥሎ ማለፍ ቢሆን ጃርት፣ ኤሊ፣ ቀበሮና ጥንቸል አለቀላቸው። በስዊስ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ አራቱ አሸናፊዎች እርስ በርስ፣ አራቱ ተሸናፊዎችም እርስ በርስ ይገጥማሉ። ከላይ ጉሬዛ ሚዳቋን፣ ጉማሬ ንስርን ረቱ፤ ከታች ጃርት ኤሊን፣ ቀበሮ ጥንቸልን። አሁን ጉሬዛና ጉማሬ 6 ነጥብ አላቸው፤ ሚዳቋ፣ ንስር፣ ጃርትና ቀበሮ 3፤ ኤሊና ጥንቸል ባዶ ናቸው። በሦስተኛው ዙር ባለ 6ቶቹ ለአንደኝነት ይገናኙና ጉሬዛ ያሸንፋል። ሚዳቋ ጃርትን፣ ንስር ቀበሮን ይረታሉ። ኤሊም ጥንቸልን፤ ይህንን እንኳ ከተረቱ ጀምሮ እናውቀዋለን።

አሁን ቁጠሩ። አንድ ልጅ 9፣ ሦስት ልጆች 6፣ ሦስት ልጆች 3፣ አንድ ልጅ ባዶ። ከስምንቱ ሰባቱ ቢያንስ አንዴ አሸንፈው ወደ ቤት ይገባሉ፤ በጥሎ ማለፍ አንድም ሳያሸንፉ የሚሄዱት አራት ነበሩ። ልጆቹ 16 ሲሆኑ ልዩነቱ ይብሳል። አቻ ከሌለና ሁሉም እስከ መጨረሻው ከቆየ፣ በአራት ዙር ስዊስ ያለ ድል የሚቀረው አንድ ልጅ ነው፤ በጥሎ ማለፍ ስምንት። ውድድሩን «ለቤተሰብ የሚመች» የሚያደርገው ፊኛውና ፋንዲሻው ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው ባይ ነኝ። ደግሞም ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ በመጨረሻው ዙር ባዶ ነጥብ ያላቸው ሁለቱ የሚገናኙበት ጠረጴዛ ከአንደኝነቱ ጠረጴዛ በላይ ይጮሃል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ከሁሉም አይጫወትም? ከሁሉም ፍትሐዊው እሱ ነበር፤ ግን 16 ልጅ ማለት 120 ጨዋታ፣ 15 ዙር ነው። ዙሩ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስዊስ አራቱን ዙር በሁለት ሰዓት ይጨርሳል። የዙሩን ብዛት ለማወቅ የልጆቹን ቁጥር አንድ እስኪቀር ለሁለት ማካፈል ነው፦ 8 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፣ 16 አራት፣ 32 አምስት። 20 ልጅ ከመጣ በሥርዓቱ አምስት ዙር ያስፈልጋል። እኔ በአራት እዘጋዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ አምስተኛውን ዙር በእንቅልፍ ነው የሚጫወተው። ሁለት ልጆች ሳይሸነፉ እኩል 12 ይዘው አንደኛ ቢሆኑስ ምን ይመጣል?

ለድልድሉ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ይህን የምለው መብራት በሦስተኛው ዙር መሃል ሲጠፋ አይቼ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠች መዳፍ የምታክል ቁራጭ አለችው። ከላይ የእንስሳው ስም፣ ከሥር የገጠመው ልጅ ስምና ነጥቡ ይጻፍባታል። ዙሩ ሲያልቅ በባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቁራጮቹን በነጥብ እከምራለሁ፤ ባለ 6 ለብቻ፣ ባለ 3 ለብቻ፣ ባዶዎቹ ለብቻ። እያንዳንዱን ክምር በውዤ ከላይ ሁለት ሁለት አወጣለሁ። የወጡት ሁለቱ ቀድሞ ተጫውተው ከሆነ ካርቶናቸው ይናገራል፤ አንዷን መልሼ የምትቀጥለውን አነሳለሁ። ክምሩ ጎደሎ ከሆነ የተረፈው ልጅ አንድ ክምር ወርዶ ከዚያ አንዱን ይገጥማል። አንድ ሲኒ ቡና ሳይበርድ ያልቃል። ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው ያያሉ፣ እኔም ማየታቸውን እወደዋለሁ። «ለእህቱ ልጅ አደላ» የሚለው ሐሜት የሚቀረው ድልድሉ ዓይናቸው እያየ ሲወጣ ነው።

የልጆቹ ቁጥር ጎደሎ ከሆነ አንዱ ተጋጣሚ ያጣል። ቼዞች «ባይ» ይሉታል፣ የእኛ ልጆች ከኳስ ወስደው ፎርፌ ይሉታል። ልጁ እንዳሸነፈ ተቆጥሮ 3 ነጥብ ይያዝለታል፤ የሚሰጠውም ከታችኛው ክምር፣ ከዚያ በፊት ፎርፌ ላላገኘ ነው። ደንቡ ይህን ካለ በኋላ ዝም ይላል። ትንሽ ልጅ ግን የመጣው ሊጫወት ነው፣ 3 ነጥብ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ አንድ ታላቅ ወንድም ወይም አንዲት እናት ካርድ ይዘው እንዲጠብቁ አደርጋለሁ። ጨዋታው ለነጥብ አይቆጠርም፤ ልጁ ግን ብቻውን አይቀመጥም።

ወደ ባለ 6ቶቹ ልመለስ። ሦስት ናቸው፤ ሁለተኛው ማን ነው? ኳስ ቢሆን የጎል ክፍያ እንቆጥር ነበር። እዚህ የሚጠየቀው «6 ያመጣኸው እነማንን ገጥመህ ነው?» የሚል ነው። የተጋጣሚዎቹን ነጥብ ትደምራላችሁ። ጉማሬ ቀበሮን (3)፣ ንስርን (6)፣ ጉሬዛን (9) ገጥሟል፤ 18። ሚዳቋ ኤሊን (3)፣ ጉሬዛን (9)፣ ጃርትን (3)፤ 15። ንስር ጥንቸልን (0)፣ ጉማሬን (6)፣ ቀበሮን (3)፤ 9። ስለዚህ ጉማሬ ሁለተኛ፣ ሚዳቋ ሦስተኛ፣ ንስር አራተኛ ነው። ቼዝ ውስጥ ይህ አቆጣጠር ቡክሆልዝ ይባላል፤ የካርድ ውድድሮች ተጋጣሚዎቹ ካደረጉት ጨዋታ ስንት በመቶ እንዳሸነፉ ያሰላሉ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

አንድ ቅዳሜ በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የአንድ ልጅ አባት መጡና «ልጄ እኩል 6 ይዞ እንዴት አራተኛ ይሆናል?» አሉኝ። ካርቶኖቹን ዘርግቼ አብረን ደመርን። ደምረው ሲጨርሱ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ያቺ ጥንቸል የመጨረሻውን ጨዋታ ብታሸንፍ ኖሮ?» አሉ። ቆጠርነው፦ ኤሊ ባዶ፣ ጥንቸል 3 ይሆናሉ፤ የሚዳቋ ድምር ወደ 12 ይወርዳል፣ የንስርም ወደ 12 ይወጣል። እኩል። የስዊስ ድክመቱ እሳቸው የነኩት ቦታ ላይ ነው፤ የልጁን ደረጃ ልጁ ያልተጫወተው ጨዋታ ይለውጠዋል። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከአንደኛው በቀር ደረጃ ግድግዳ ላይ አልለጥፍም፣ ነጥብ ብቻ።

ስዊስ የሚያስተካክለው ድልድልን እንጂ ካርድን አይደለም። በፖኬሞን እያንዳንዱ ልጅ 60 ካርድ ይይዛል፤ ከመሠረታዊ የኢነርጂ (ጉልበት ሰጪ) ካርዶች በቀር አንድ ስም ያለው ካርድ ከአራት በላይ አይፈቀድም። ደንቡ የካርዱን ቁጥር ይወስናል፣ ከውጭ አገር የመጣውን የአጎት ሻንጣ ግን አይከለክልም። ለትናንሾቹ መፍትሔው ቀላል ሆኖልናል፦ ተቀራራቢ አቅም ያላቸው የተዘጋጁ ካርዶች በሣጥን አሉ፣ በዕጣ ይታደላሉ፣ ማታ ተቆጥረው ይመለሳሉ።

ሌላው የእናቶች ጥያቄ ነው። «ካርታ ነው እንዴ የምታጫውታቸው?» ካርታ ሲባል ቁማር ነው የሚታያቸው፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ማጂክ የተባለው የካርድ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዳንድ ካርድ አስይዘው አሸናፊው የሚወስድበት ደንብ ነበረው፤ ኋላ ተተወ። ብይ ስንጫወት «የምር ነው የውሸት?» እንደምንባባለው ነው። የእኛ ሁልጊዜ የውሸት ነው። ካርድ አይበላም፣ መግቢያ አይከፈልም፣ በውድድሩ ሰዓት መለዋወጥም የለም፤ የ13 ዓመት ልጅ የ7 ዓመቱን «ይቺ ታምራለች» ብሎ ሲያታልለው ለማየት አንድ ቀን በቂ ነው።

የቀረው ባጃጅ ነው። ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ሲል በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ አንዱ ልጅ ይጠራል። በጥሎ ማለፍ ሰው ሲሄድ ሰንጠረዡ ይፋለሳል። በስዊስ የልጁን ካርቶን ከክምሩ ማውጣት ብቻ ነው፤ ያመጣው ነጥብ ይቀመጥለታል፣ ጀምሮት የነበረ ጨዋታ ካለ ለተጋጣሚው ይያዛል። ችግሩ ድልድል ከወጣ በኋላ ከሄደ ነው፤ ተጋጣሚው ካርዱን እንደያዘ ፊቴ ይቆማል። ስለዚህ ክምሮቹን ከመበወዜ በፊት ጮክ ብዬ «ባጃጅ የሚመጣለት ማነው?» እላለሁ፤ እጅ ያወጣውን ልጅ ካርቶን አነሳና የቀሩትን እደለድላለሁ።