«በቂ ስምምነት» ሲባል ምን ማለት ነበር?

ደቡብ አፍሪካውያን ከአፓርታይድ ለመውጣት ሲደራደሩ አንድ ግራ የሚያጋባ ደንብ ነበራቸው፦ «በቂ ስምምነት»። የድምፅ ብልጫ አይደለም፤ እጅ አይቆጠርም። ሁሉም ይስማማ ማለትም አይደለም። ሰብሳቢው ክርክሩን ሰምቶ «የተስማሙት ወገኖች ሥራው እንዲቀጥል ይበቃሉ» ካለ አለቀ፤ ያልተስማማው ተቃውሞውን ያስመዘግባል።

ስንት ሲሆን ነው የሚበቃው? ቁጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ጠረጴዛው ዙሪያ 26 ወገኖች ተቀምጠው ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የማንዴላው ፓርቲ ኤኤንሲና የፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ የነጮች መንግሥት ካልተስማሙ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ከተስማሙ ደግሞ ሌላው ቢያኮርፍም ይኬዳል።

ያኮረፈውም አልጠፋም። የምርጫው ቀን ኤፕሪል 27 ቀን 1994 እንዲሆን በዚሁ ደንብ ሲወሰን፣ በዙሉ ሕዝብ ዘንድ ሰፊ ድጋፍ የነበረው የኢንካታ ፓርቲ ረግጦ ወጣ። ፍርድ ቤት ሄዶም አልቀናውም። በወረቀት «በቂ» የተባለው ስምምነት ግን መሬት ላይ አልበቃም፤ በዙሉዎች ምድር በክዋዙሉ ደም ይፈስ ነበር። ምርጫው ሳምንት ገደማ ሲቀረው ኢንካታ እሳተፋለሁ አለ። ችግሩ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሞ አልቋል! ስሙና የመሪው ፎቶ በተለጣፊ ታትሞ ከየወረቀቱ ግርጌ ተለጠፈ።

የመጨረሻው ሕገ መንግሥት ግን የጸደቀው በዚህ ደንብ ሳይሆን፣ ከተመረጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠይቅ ደንብ ነው። ሜይ 8 ቀን 1996፣ 421 ደገፉ፣ 2 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢንካታ ያን ቀንም አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።