ስለ ድሮ የዝላይ ጌሞች በተለምዶ የሚባሉ ነገሮችና እውነታው

እነ ማሪዮና ሶኒክ ሲነሱ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ግማሹ ግን ስህተት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ጥሩ የሆኑት ከባድ ስለሆኑ ነው»

ከባድ ጌም መሥራትማ ቀላል ነው። ገደሉን ማስፋት፣ ጠላት ማብዛት ነው። ጥሩ ጌም ስትሞት «የራሴ ጥፋት ነው» ያሰኝሃል፤ መጥፎው ጆይስቲክ ያስወረውርሃል።

«ያኔ ጌም አያስተምርም፤ እየሞቱ መልመድ ነበር»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። በ1985 የወጣውን የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያ ሌቭል እንይ። ማሪዮ ስክሪኑ ግራ በኩል፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አድርጎ ይቆማል። ከፊቱ ባዶ ቦታ ነው። ወዴት እንደሚኬድ ማንም ሳይነግርህ ገባህ። ትንሽ እንደሄድክ አንድ ጠላት እየተንቀራፈፈ ይመጣል። መዝለል ግድ ነው። ቀጥሎ ካሉት ሳጥኖች አንዱን ስትመታ እንጉዳይ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ሄዶ ከቱቦው ጋር ይጋጭና ወደ አንተ ይመለሳል። ጠላት መስሎህ ብትሸሸው እንኳ ሊደርስብህ ይችላል። ስትነካው ታድጋለህ፤ በቃ፣ ተማርክ።

ወደ መጨረሻው ደግሞ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ደረጃዎች አሉ። መሃላቸው ደልዳላ መሬት ስለሆነ ብትወድቅም ምንም አትሆንም። አለፍ ብሎ ተመሳሳይ ደረጃ ይመጣል፤ አሁን ግን መሃሉ ገደል ነው። መጀመሪያ ልምምድ፣ ከዚያ ፈተና። አንድም የጽሑፍ መመሪያ የለም።

«ዝላዩ የእውነት መምሰል አለበት»

በጭራሽ። ማሪዮ አየር ላይ እያለ አቅጣጫ ይቀይራል። በተኑን ተጭነህ ከያዝክ ከፍ ይላል፣ ቶሎ ከለቀቅክ ዝቅ ይላል። የትኛው ሰው ነው እንዲህ የሚዘለው? በ2018 የወጣው ሴለስት የሚባለው ጌምማ ይባስ ብሎ፣ እግርህ ከጠርዙ ካለፈ በኋላም ለቅጽበት እንድትዘል ይፈቅድልሃል። ሳታውቀው ያልፋል፤ ጣቶችህ ግን «ይሄ ጌም ይታዘዛል» ይላሉ።

አየር ላይ መታጠፍ የግድ ነው ማለትም አይደለም። በ1986 በወጣው ካስልቫኒያ በሚባለው ጌም አንዴ ከዘለልክ መመለስ የለም። ስለዚህ ከመዝለልህ በፊት ታስባለህ፤ የጌሙ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ግራፊክስ ነው ዋናው»

የማሪዮ ደመናና ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ተቀይሯል። ጌሙን ጥሩ ያደረገው ሥዕሉ አይደለም ማለት ነው።

«ሶኒክ ማለት ፍጥነት ነው»

በ1991ዱ ሶኒክ ፍጥነት በነጻ አይገኝም። ቁልቁለቱን ተጠቅመህ፣ ተንከባልለህ ነው የምታመጣው። ሁለተኛው ዞን (የጌሙ ክፍል) ማርብል ላይ ስትደርስ ደግሞ ሩጫው ይቀርና የሚነድ ላቫ አጠገብ ብሎክ ትገፋለህ። እውነቱን ለመናገር እኔም እዚያ ዞን ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።