«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል»፦ ቀልድን በቀልድ የሚከለክል ምሳሌ

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» የሚለው አነጋገር ጨዋታ ከልክ ሲያልፍ፣ በተለይም የባልና ሚስት ፉተታ ወደ ጠብ ሲያዘነብል ወይም ዕዳንና ሽምግልናን የመሰለ ጉዳይ በፌዝ ሊታለፍ ሲል፣ ዕድሜ ጠገቦች የሚሰነዝሩት ተግሣጽ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ያለ ቦታው የተጣለ ቀልድ ትዳርንም ወዳጅነትንም ያፈርሳልና ተጠንቀቁ ይላል። የሚያስገርመው ይህን ለማለት የመረጠው መንገድ ነው።

ቅዘን የሕፃን ልጅ ቀጭን ተቅማጥ ነው። ምሳሌው የተወለደበትን ቤት ከዚህ ቃል መገመት ይቻላል፦ አንድ ክፍል ያለው ጎጆ፣ በእበት የተለቀለቀ መደብ፣ በላዩ የተነጠፈ ቁርበት፣ በቁርበቱ ላይ የተቀመጠ እንግዳ፣ አጠገቡም ልጅ የታቀፈች እናት። ሕፃኑ ሲያመልጠው የሚሸሸግበት ጓዳ የለም፤ ሽታው ባለቤትና እንግዳ ሳይለይ ሁሉን ያዳርሳል። ቀልድም እንዲሁ ሳይታሰብ ያመልጣል፤ ካመለጠ በኋላ ቢያጥቡት እንኳ ጠረኑ ይቆያል።

የሁለቱ ቃላት በአንድ ፊደል መጀመር ለጆሮ ይጥማል፤ የአነጋገሩ ጉልበት ያለው ግን «ቤት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለቅዘን ሲሆን ቤቱ ግድግዳና ወለል ያለው ጎጆ ነው፤ ለቀልድ ሲሆን ትዳርና ቤተሰብ ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ መቆሙን የቅኔ ሰዎች ኅብር ይሉታል። እንግዲህ ቀልድን የሚያወግዘው ምሳሌ ራሱ በኅብር የተሠራ ቀልድ፣ ያውም ከቀልድ ሁሉ ነውረኛው ሆኖ እናገኘዋለን። ቃሉን እንዳለ ካመንነው መጀመሪያ ዝም ማሰኘት ያለብን ምሳሌውን ነው። ከዚህ እንቆቅልሽ መውጫው ቀልድን ከቀልድ መለየት ብቻ ስለሆነ፣ አነጋገሩ ሰሚውን ሳያስፈቅድ ወደ ፍልስፍና ያስገባዋል።

የግሪክ ፈላስፎችም እዚሁ ቦታ ላይ ተሰናክለዋል። ፕላቶ በሐሳቡ የሠራት ከተማ ጠባቂዎች ሳቅ ወዳድ እንዳይሆኑ፣ ባለቅኔዎችም አማልክትን በሳቅ ሲሸነፉ እንዳያሳዩ ይፈልግ ነበር። ሆኖም ይህን የሚያናግረው የማያውቅ መስሎ አዋቂ ነኝ ባዩን መሳቂያ በሚያደርገው በሶቅራጥስ አፍ ነው። ከዋክብትን ሲመለከት ጕድጓድ ውስጥ በወደቀው በፈላስፋው በታሌስ ላይ ከትራቄ አገር የሆነች አገልጋይ እንዴት እንደሳቀችም የተረከልን ራሱ ፕላቶ ነው። አርስቶትል ደግሞ ነገሩን በልክ ፈታው፤ በአንድ ወገን ለማሳቅ ሲል ማንንም የማይምር ቧልተኛ፣ በሌላ ወገን የማይቀልድና ቀልድ የማይወድ ደረቅ ሰው ቆመው፣ በመካከላቸው ያለውን በጎ ጠባይ አሳየ። ለዚህ ጠባይ አማርኛ «ጨዋታ አዋቂ» የሚል የተዘጋጀ ስም አለው፤ ይህ ቃል ካለን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ አርስቶትልን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

በአገራችን ጨዋታ አዋቂ ሲባል አለቃ ገብረ ሐና ይጠቀሳሉ። ሕዝብ በቀልዳቸው ቢያውቃቸውም የቤተ ክርስቲያን ዜማና የአቋቋም (ከዝማሬው ጋር የሚሄደው እንቅስቃሴ) ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋምም የሚያያዘው ከእሳቸው ጋር ነው። አህያውን እየነዳ ለሚሄድ ገበሬ ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው «እንዴት ናችሁ?» እንዳሉት ይነገራል። ገበሬው በአክብሮቱ ደስ ብሎት ካለፈ በኋላ ነው ሰላምታው ለብዙ ሰው የሚሰጥ መሆኑን፣ ከእሱ ሌላ በመንገዱ የነበረውም አህያው ብቻ እንደሆነ ያስተዋለው። በምሳሌው ውስጥ «ቤት» የሚሠራውን ሥራ እዚህ «ናችሁ» ይሠራዋል፤ ሁለት ነገሮችን በአንድ ቃል አስሮ፣ በምን እንደሚለያዩ ማሰብን ለሰሚው ይተዋል። ቀልዱን ከተራ ስድብ የሚለየው ይህ ነው፤ ገበሬው ግን በዚህ ላይስማማ ይችላል።

ምሳሌውን በሸንጎ የሚናገር ሽማግሌ ፊቱን ሳይፈታ ነው የሚናገረው። ተሰብሳቢው «ቅዘን» የሚለውን ሲሰማ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ይስቃል፤ ሽማግሌው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ «በሉ እንግዲህ፣ ወደ ቁም ነገሩ» ይላል።