ሆንዳም ማሳ፣ ቶዮታም ማሳ፦ ስለ ጃፓን የቤተሰብ ስሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ቁጠሩ። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሚኒባስ፣ ላንድክሩዘር። አስር ሳትደርሱ ቶዮታው ይበዛባችኋል። ስሙን በቀን ስንቴ እንደምንጠራው እንጃ፤ ከየት እንደመጣ ግን ብዙም ጠይቀን አናውቅም። ስንገምት ደግሞ እንሳሳታለን። እኔም ራሴ ከዚህ በታች ካሉት ግማሾቹን አምን ነበር። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቶዮታ፣ ሆንዳ ዝም ብሎ የፋብሪካ ስም ነው፤ ትርጉም የለውም»

አለው። ሁለቱም መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ናቸው። ሁለቱም ደግሞ የሩዝ ማሳ ናቸው።

በጃፓን ጽሕፈት ማሳን የሚያመለክተው ምልክት በአራት የተከፈለ ካሬ ነው። በድንበር የተከፋፈለ እርሻን ከተራራ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩት እንደሚመስለው። ሲነበብ «ታ» ወይም «ዳ» ይባላል። «ሆን» ዋና ማለት ስለሆነ ሆንዳ «ዋናው ማሳ» ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል መካኒክ በ1948 ኩባንያ ሲያቋቁም የራሱን ስም ሰጠው። ማዝዳም ከመሥራቹ ከማትሱዳ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ ማትሱዳ «ጥድ ያለበት ማሳ» ማለት ነው። ኩባንያው ስሙን ከጥንቱ የፋርስ አምላክ ከአሁራ ማዝዳ ጋርም ያገናኘዋል። ጃፓኖቹ ግን ዛሬም መኪናውን ሲጠሩ «ማትሱዳ» ነው የሚሉት። ቶዮታ ደግሞ ከቶዮዳ ነው፤ «ብዙ የሚያፈራ ማሳ» እንደማለት። ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጢ ልጅ ነበር፤ የሽመና ማሽን በመፈልሰፍ ነው ስም ያወጣው። መኪናውን የጀመረው ልጁ ኪኢቺሮ ነው።

ለምን ማሳ በዛ? ጃፓንን ይገዙ በነበሩት የጦር አለቆች፣ በሾጉኖቹ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 ማለት ነው፣ ገበሬው ግብሩን በአብዛኛው የሚከፍለው በሩዝ ነበር። የአንድ ጌታ ትልቅነትም የሚለካው ግዛቱ በሚያፈራው «ኮኩ» ነበር። አንድ ኮኩ 150 ኪሎ ገደማ ሩዝ ነው፤ አንድን ሰው ዓመቱን ሙሉ ይቀልባል ተብሎ ይታሰባል። እንዲህ ባለ አገር ሰውን በማሳው መጥራት የሚያስገርም አይደለም። ማሳ ከሌለው ደግሞ ተራራ፣ ወንዝ፣ ጫካ፣ ድልድይ አለ፦ ያማሞቶ «የተራራው ግርጌ»፣ ኮባያሺ «ትንሹ ጫካ»፣ ታካሃሺ «ከፍ ያለው ድልድይ»።

እኛም እኮ መንደር ውስጥ ሁለት አበበ ካለ አንዱን «የላይ ቤቱ አበበ»፣ ሌላውን «ከወንዝ ማዶ ያለው አበበ» እንላለን። ልዩነቱ እኛ ጋ አበበ ሲሞት «የላይ ቤቱ» አብሮት ይቀራል፤ ልጁ የሚወርሰው አበበ የሚለውን ነው። ጃፓኖች «የላይ ቤቱን» አወረሱት።

«ታ እና ዳ የተለያዩ ስሞች ናቸው»

ጽሕፈቱ አንድ ነው። በጃፓንኛ ሁለት ቃል ሲጣበቅ የሁለተኛው የመጀመሪያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይላላል፤ ታ ዳ ይሆናል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንድ ዓይነት ጽፈው አንዱ ቤተሰብ ናካታ፣ ሌላው ናካዳ ይባላሉ። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ ነው።

የቶዮታ ግን የታሰበበት ነው። በ1936 ኩባንያው ለምልክቱ ውድድር አውጥቶ ወደ 27,000 የሚሆን ሐሳብ ደረሰው። አሸናፊው ላይ የተጻፈው «ቶዮታ» ነበር። አጠራሩ ጠራ ያለ ነው፤ በተጨማሪም ካታካና በሚባለው የጃፓን የድምፅ ፊደል ሲጻፍ ልክ ስምንት ጭረት ይወጣዋል። ስምንት ጃፓን ውስጥ የዕድል ቁጥር ነው። ስሙ ከቤተሰቡ ስም ትንሽ መራቁም ጥሩ ሆኖ ታየ።

«ተራው ሕዝብ ስም አልነበረውም፤ በ1875 በአንድ ጀንበር ፈለሰፈው»

ይህቺ በጣም የተስፋፋች ናት፤ ጃፓኖች ራሳቸው ያወሯታል። ከፊሏ እውነት ስለሆነች ለማረም ታስቸግራለች።

እውነቱ ይኸውና። በሾጉኖቹ ዘመን የቤተሰብ ስምን በይፋ መጠቀምና ሰይፍ መታጠቅ የሳሙራይ፣ የጦረኛው መደብ፣ መብት ነበር። አንዳንድ የመንደር ሹምና ነጋዴ በልዩ ፈቃድ ያገኘዋል። ሌላው በመንግሥት መዝገብ ላይ በግል ስሙ ብቻ ነው የሚሰፍረው። ግን «በይፋ አይጠቀምም» እና «የለውም» አንድ አይደሉም። ብዙ የገበሬ ቤተሰብ ስም ነበረው። ጎረቤት ያውቀዋል፤ በቤተ መቅደስ የመዋጮ መዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይም ይገኛል። ጌታው ፊት ብቻ ነው የሚደበቀው።

ሾጉኖቹ ወድቀው የሜጂ መንግሥት ሲመጣ በ1870 ለሁሉም ተፈቀደ። ሕዝቡ ግን አልተጣደፈም። ጠርጥሮ ይሆናል፤ መንግሥት ስምህን ሲጠይቅ ቀጥሎ ግብር እንደሚጠይቅ ማን ያጣዋል? በ1872 የቤተሰብ ምዝገባ ተጀመረ፤ በ1873 የብሔራዊ ውትድርና ሕግ ወጣ። ወታደር የሚመለምል መንግሥት የግል ስሙ ብቻ የሚታወቅ ሺህ «ታሮ» ምን ያደርግለታል? የካቲት 13 ቀን 1875 ግዴታ ሆነ። ያኔ በእርግጥ አዲስ ስም ያወጡ ነበሩ፤ የመንደሩን መነኩሴ ወይም ሹም ስም አውጡልን ያሉም ነበሩ። ብዙዎች ግን ያደረጉት የደበቁትን ማውጣት ነው።

«ታናካ ሁሉ ዘመድ ነው»

ታናካ በጃፓን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ካሉት ብዙ ሰው ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ነው፤ ከሚሊዮን በላይ ሰው አለው። ትርጉሙ «በማሳዎቹ መሃል» ነው። ሩዝ የሚዘራበት መንደር ሁሉ በማሳ መሃል የተሠራ ቤት አለው። ስለዚህ ስሙ አንድ ቦታ ተወልዶ አልተሰራጨም፤ መቶ ቦታ ለየብቻው ነው የበቀለው። በኳታር የዓለም ዋንጫ ስፔን ላይ ያቺን አነጋጋሪ ጎል ያስቆጠረውን አኦ ታናካን ታስታውሱታላችሁ፤ ኳሷ ወጥታለች አልወጣችም ተብሎ ቫር የታየባትን። እሱንና አንድን የኦሳካ ባለሱቅ ታናካ የሚያገናኛቸው የሩዝ ጭቃ ነው እንጂ ደም ላይሆን ይችላል። ለሚላን የተጫወተው ኬይሱኬ ሆንዳና የሞተር ብስክሌቱ ሆንዳም እንዲሁ።

ለኳስ ወዳዶች አንድ ነገር ልጨምር። በጣሊያን ለፔሩጃና ለሮማ የተጫወተው ናካታ፣ የታናካ ግልባጭ ነው። ሁለቱ ምልክቶች ያው ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተቀያየሩ። ታናካ «በማሳዎቹ መሃል»፣ ናካታ «መካከለኛው ማሳ»።

«ጽሕፈቱን ካወቅህ ትርጉሙን ታውቃለህ»

ሱዙኪን እንይ። ሲጻፍ «ቃጭል» እና «ዛፍ» ነው፤ የቃጭል ዛፍ። ቆንጆ ነው፤ ግን ድምፁን ለመያዝ የተመረጠ ጽሕፈት ነው። የተለመደው ማብራሪያ ስሙን ወደ ደቡባዊው የኪይ ልሳነ ምድር፣ ወደ ኩማኖ ይወስደዋል። እዚያ የታጨደ ሩዝ በእንጨት ዙሪያ ተከምሮ ሲቆም በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። የእህል ክምር ነው እንግዲህ። እንደ ታናካ በየቦታው አልበቀለም፤ የኩማኖ ቤተ መቅደሶች አገልጋዮች ይዘውት ወደ ምሥራቅ ተጓዙ። ለዚህ ነው ዛሬ ሱዙኪ በምሥራቅ ጃፓን፣ ታናካ በምዕራብ የሚበዛው። ሱዙኪ ኩባንያው የተመሠረተባት ሃማማትሱም የሱዙኪዎች አገር ናት።

«የጃፓን መኪና ስም ሁሉ የሰው ነው»

አይደለም። አይሱዙ በኢሴ ታላቅ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ኒሳን «የጃፓን ኢንዱስትሪ» የሚለው ሲያጥር ነው። ሱባሩ የከዋክብት ክምችት ነው።

«ጃፓኖች ስማቸውን እንደ ፈረንጅ ነው የሚጠሩት»

በቋንቋቸው የቤተሰቡ ስም ይቀድማል፤ ሆንዳ ሶይቺሮ ነው እንጂ ሶይቺሮ ሆንዳ አይደለም። እኔም እዚህ የገለበጥኩት ስለለመድነው ነው። ከ2020 ጀምሮ መንግሥታቸው በላቲን ፊደል ሲጽፍም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። ስለ ስም ካነሳን፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈልንን ጀግና ፈረንጆች «ቢቂላ» እያሉ በአባቱ ስም ሲጠሩት ጃፓኖች እስከ ዛሬ «አበበ» ነው የሚሉት። እኛ እንደምንለው።

«እነዚህ ስሞች ከጃፓን አይወጡም»

በ1908 ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 ጃፓናውያንን ይዛ ብራዚል፣ ሳንቶስ ወደብ ደረሰች። ሥራቸው የቡና እርሻ ነበር። የሩዝ ማሳ ስም ይዞ ቡና መልቀም! ዛሬ ብራዚል ውስጥ ታናካና ያማሞቶ እንግዳ ስም አይደለም። ፔሩን ከ1990 እስከ 2000 የመሩት ፉጂሞሪ ስማቸው ውስጥ «ጫካ» አለ።

«መልክዓ ምድሩ ለሰው ስም ይሰጣል እንጂ ሰው ለመልክዓ ምድሩ አይሰጥም»

አይቺ ግዛት ውስጥ ኮሮሞ የምትባል ከተማ ነበረች። ቀድሞ በሐር ንግድ ትታወቅ ነበር። ኪኢቺሮ ፋብሪካውን እዚያ ተከለ። ጥር 1 ቀን 1959 ከተማዋ የቆየ ስሟን ትታ ቶዮታ ተባለች። ማሳ ለቤተሰብ፣ ቤተሰብ ለመኪና፣ መኪና ለከተማ። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት አድራሻ ዛሬ እንዲህ ይነበባል፦ ቶዮታ ከተማ፣ ቶዮታ ሰፈር፣ ቁጥር 1።